የአክተሯ ጓደኛ

ባለፈው ቅዳሜ የአዲሱን ቴሌቪዥን ካርቶን በረንዳ ላይ ረስቼው ዝናብ መታው፤ ላጣጥፈው ጎንበስ ስል የረጠበ ካርቶን ሽታ፣ ያ ትንሽ የሙጫ፣ ትንሽ የአቧራ፣ ትንሽም የአይጥ ነገር ያለበት ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ሳሎን ውስጥ ልጄና ሁለት ጓደኞቹ ስለሚከታተሉት የጀግና ፊልም እየተሟገቱ ነበር፤ በሚቀጥለው ክፍል ጀግናው ረዳት ይምጣለት ወይስ ብቻውን ይቀጥል ነው ክርክሩ። አንደኛው «በቃ፣ ብቻውን ሲሆን ነው የሚያምረው፤ ረዳት ካመጡበት ተበላሸ» ይላል። ልጄ ደግሞ «ማለቴ፣ የሚያወራው ሰው እንኳ ከሌለው ምን ሕይወት አለው?» እያለ ይከራከራል። ከዚያ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ «እማዬ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለኝ። በዚህ ጥያቄ ላይ በልጅነቴ ካዛንቺስ ውስጥ አንድ ጊዜ ፈርጄ ነበር፤ ያ ፍርድ ለልጅ የሚነገር አይደለም። «እኔ ፊልም አላውቅም» ብዬ አለፍኩት።

ግቢያችን ስድስት ቤትና አንድ ቧንቧ ነበረው። የእኛንና የእነ ሰናይትን ቤት የሚለየው የጭቃ ግድግዳ ከመሳሳቱ የተነሳ የሰናይት አባት በወዲያ በኩል ሲያስነጥሱ አባቴ በወዲህ በኩል «ይማርዎ» ይል ነበር፣ እሳቸውም «ያኑርህ» ብለው ይመልሱለታል፤ ሁለቱም ይህን እንደ ትልቅ ጉርብትና ይቆጥሩት ነበር። ሰናይት በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች። ረጅም፣ ጠይም፣ ጣቶቿ ሁልጊዜ በእስክሪብቶ ቀለም የተበከሉ ልጅ ነበረች፤ ስትናገር ደግሞ ቃል ይይዛታል። ከቃል ሁሉ የሚብስባት የገዛ ስሟ ነበር። አዲስ አስተማሪ ገብቶ በየተራ ስም ሲያስጠራ ተራዋ እስኪደርስ እጄን ከዴስኩ ሥር ጨብጣ ትይዘኝ ነበር፣ ጣቶቼ እስኪነጡ ድረስ።

በዚያ ዘመን ጀግና የሚባል ነገር አናውቅም፤ «አክተር» ነበር የምንለው። የአክተርን ሕግ ያመጣልን የሥጋ ሻጩ ልጅ ቢንያም ነው። ሴት ልጅ ቪዲዮ ቤት ገባች ከተባለ ቤቷ የሚጠብቃት ዱላ ስለሚታወቅ፣ እሱ ያየውን እየመጣ ይተርክልናል፣ እኛም አፋችንን ከፍተን እንሰማለን። አክተር አይሞትም ይለናል። የአክተር ጓደኛ ግን ይሞታል፤ ሊሞት ሲል የእናቱን ፎቶ ከኪሱ ያወጣል፣ አክተሩም ከዚያ በኋላ ነው በደንብ የሚናደደው።

እኔና ሰናይት ቪዲዮ ቤት መግባት ቢከለከልብን የራሳችንን ሠራን። የሳሙና ካርቶን በቢላዋ መስኮት አወጣንለት፣ ሁለት የመጥረጊያ እንጨት ከላይና ከታች ሰካንበት፣ ሰናይት የሣለቻቸውን ወረቀቶች በዱቄት ሙጫ አያይዘን እንጨቶቹ ላይ ጠቀለልናቸው። እሷ ከካርቶኑ ጀርባ ተቀምጣ እንጨቱን ስታዞር ሥዕሉ በመስኮቱ እየተከታተለ ያልፋል፤ እኔ ከጎን ቆሜ የሁሉንም ድምፅ እሠራለሁ፣ የክፉውን፣ የደጉን፣ የውሻውን፣ የነጎድጓዱን። የመግቢያ ዋጋው ከደብተር መሃል የተገነጠለ ንጹሕ ሉክ ነበር፤ የዚያን ዓመት የሰፈሩ ልጆች ደብተር ሁሉ ከስቶ አስተማሪዎቻችን ነገሩ ግራ ገብቷቸው ነበር።

አክተራችን መብረቂት ትባላለች። የእናቷን ነጠላ አንገቷ ላይ አስራ ከቆርቆሮ ቆርቆሮ እየበረረች የቧንቧ ወረፋ የሚያጭበረብሩትን፣ በማስመሪያ ጠርዝ ጣት የሚመቱ አስተማሪዎችን፣ ኳሳችንን የሚቀድዱትን ጎረቤቶች ትቀጣለች። ፊቷ የእኔ ፊት ነበር። ሰናይት ሳልጠይቃት ነው እንደዚያ አድርጋ የሣለችኝ፤ እኔም አመሰግናለሁ ብያት አላውቅም፣ የሚገባኝ ይመስለኝ ነበር።

ከፊልማችን አምስተኛ ወይም ስድስተኛ ክፍል በኋላ ተመልካቹ መጉረምረም ጀመረ። መብረቂት ብቻዋን ሰለቸቻቸው። ትንንሾቹ ሴቶች «ፀጉሯን ማን ይሠራላታል?» ብለው ጠየቁ፤ እውነትም አስበንበት አናውቅም። ቢንያም ደግሞ «ጓደኛ አምጡላት፤ ግን መሞት አለባት። ካልሞተች ማንም አያለቅስም» አለ። እኔ አይሆንም ብዬ ድርቅ አልኩ፤ ረዳት የሚያስፈልጋት አክተር ምኑን አክተር ሆነች ብዬ ተከራከርኩ። በማግስቱ ግን ሰናይት አንድ ወረቀት አሳየችኝ፤ ከመብረቂት ጎን የቆመች ረጅም ጠይም ልጅ ናት፣ ሥሯ «ኮከቢት» ተብሎ ተጽፏል፣ አፏ ተከፍቶ ከውስጡ ወፎች ይበራሉ። «ቃ… ቃላቶቿ ናቸው» አለችኝ። ወረቀቱን መለስኩላትና ገና ነው አልኳት።

ከዚያ ጉንፋን ያዘኝና ድምፄ ተዘጋ። ቅዳሜ ደረሰ፣ ልጆቹም ወረቀታቸውን ይዘው መጡ፤ ሰናይት ያለ እኔ፣ ያለ አንድ ቃል እንጨቱን ብቻ እያዞረች ፊልሙን አሳየቻቸው። እኔ ከአልጋዬ ላይ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ አዳመጥኩ። ጸጥታ ነበር፤ እኔ እያለሁ ተፈጥሮ የማያውቅ ጸጥታ። ሲያልቅ ቢንያም «እንዲያውም ያለ ወሬ ይሻላል!» አለ፣ ልጆቹም ሳቁ። ሰናይትም ስትስቅ ሰማኋት። ሌላ ምንም አላደረገችም፤ ሳቀች ብቻ።

ሲሻለኝ ራሴ ሄጄ «እሺ፣ ኮከቢትን እናስገባት» አልኳት። ደስታዋን ዛሬም አልረሳውም፤ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና ቆመች። ሳምንቱን ሙሉ ሣለች። እናቷ እትዬ ዘነበች መብራት አባከንሽ እያሉ እስኪቆጧት ድረስ ሣለች፣ እንደዚያ የረዘመ ጥቅል ሠርተን አናውቅም። ቅዳሜ ጠዋት ሙጫው እስኪደርቅ ደጃፉ ላይ ተቀምጠን ሳለ ወደ እኔ ዞረችና «ሂሩት፣ እ… እንደ እኔ አታድርጊያት፣ እሺ?» አለችኝ።

«እሺ» አልኳት።

«በማርያም?»

«በማርያም።»

ስምልላት ምን ላደርግ እንደሆነ ገና ያላወቅሁ ቢሆን ደስ ባለኝ። አውቅ ነበር፤ አልጋዬ ላይ ሆኜ በተዘጋው ጉሮሮዬ ተለማምጄዋለሁ።

ልጆቹ መጡ፣ ከታችኛው ግቢ ሳይቀር መጡ፤ አንድ ሃያ ይሆናሉ። መብረቂት በረረች፣ ተዋጋች፣ ወደቀች። ከዚያ ያቺ ረጅም ጠይም ልጅ አፏን ከፍታ፣ ወፎቿን እየበተነች በመስኮቱ ብቅ አለች፣ ልጆቹም ሥዕሉ ስላማራቸው «ውይ!» አሉ። ያ «ውይ» ለእኔ እንዳልሆነ ገባኝ። ድምፄን አስተካክዬ፣ የሰናይትን አገጭ አወዛወዝና የዓይኗን መርገብገብ ሳይቀር ጨምሬ «እኔ ኮ-ኮ-ኮ-ኮ-ኮ…» አልኩ።

ቢንያም እንቁላል እንደጣለች ዶሮ እጆቹን አራግቦ «ኮኮኮኮ!» ሲል ግቢው በሳቅ ፈነዳ፤ ሃያው ልጅ ሁሉ መሬት ላይ እየተንከባለለ ተንጫጫ። እኔም ሳቁ ሲያበረታኝ ጨመርኩበት፤ ኮከቢት በተናገረች ቁጥር ኮኮኮ፣ ስትሮጥ ኮኮኮ፣ ስትወድቅም ኮኮኮ። መጨረሻ ላይ ገደልኳት፤ ሥዕሉ ላይ አትሞትም ነበር፣ በድምፄ ገደልኳት። እንደዚያ ቀን የተወደድኩበት ጊዜ በሕይወቴ የለም።

ሰናይት ማዞሯን አላቆመችም። ብታቆም፣ ካርቶኑን ብትገለብጠው፣ ተነስታ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሷ ግን የመጨረሻው ወረቀት እስኪያልፍ ድረስ በዚያው እርጋታ አዞረች። ከዚያ ጥቅሉን አውጥታ ብብቷ ሥር ያዘችና ቤቷ ገባች። ማታ እትዬ ዘነበች ምድጃ ሲያቀጣጥሉ ግድግዳውን አልፎ የመጣው ጭስ የወረቀት ጭስ ነበር።

ሰኞ ትምህርት ቤቱ ሁሉ «ኮኮ» ይላት ጀመር። አስተማሪ እንድታነብ ሲያስነሳት ከኋላ ዶሮ ይጮኻል፤ ቆይታ ቆይታ መነሳቱን ተወችው፣ ቆማ ከምትንተባተብ ተቀምጣ ዜሮ መቀበልን መረጠች። ከሁሉ የከፋው ግን ስሙ ከሰፈር አልፎ ቤቷ መግባቱ ነው። ኮኮ ለሰሚው የሚጣፍጥ፣ የማቆላመጫ የሚመስል ስም ነዋ! እትዬ ዘነበች ልጆቹ ሲጠሯት ሰምተው ደስ አላቸው፣ ልጃቸው ተወዳጅ የሆነች መሰላቸው። «ኮኮዬ፣ ውሃ ቅጂ»፣ «ኮኮዬ፣ ነይ ፀጉርሽን ላበጥርሽ» እያሉ ሲጠሯት በስስ ግድግዳው በኩል እሰማ ነበር። እሷም «አቤት» ትላለች። ከየት እንደመጣ ለእናቷ አልነገረቻቸውም። በእኔም አላሳበቀችም።

ከዚያ በኋላ ተጣልተን አናውቅም፤ ቧንቧው ላይ ስንገናኝ ባልዲዬን ታሳልፍልኛለች፣ ያ ነው። እኔ «ድምፅሽ ያምራል» እየተባልኩ አደግሁ፣ መምህርት ሆንኩ፣ በዚያው ድምፅ እንጀራዬን በላሁ። እሷ አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን አቋርጣ ቄራ አካባቢ ካለ የልብስ ስፌት ቤት ገባች፤ ስፌት መኪናዎቹ ስለሚጮኹ ማንም እንድትናገር የማይጠብቅባት ቦታ ነው። እስክሪብቶ ይዛ ያያት ሰው የለም።

ካዛንቺስ ሲፈርስ የግቢው ሰው በየአቅጣጫው ተበተነ፣ እነ ሰናይት እኔ አሁን የምኖርበት ጎተራ ኮንዶሚኒየም፣ ከእኛ ሦስት ብሎክ አልፎ ገቡ። አምና እትዬ ዘነበች ማረፋቸውን ሰምቼ ለቅሶ ደረስኩ። ድንኳኑ ውስጥ የድሮ ሰፈርተኞች ተደርድረዋል፤ አንዷ «ኮኮዬ፣ እባክሽ እህል ቅመሺ» ትላታለች፣ ሌላዋ «ኮኮዬ፣ እግዜር ያጽናሽ» ትላለች። ሰናይት ጥቁር ለብሳ፣ ፀጉሯ ሸብቶ፣ ለሁሉም አንገቷን ትነቀንቃለች። ከጎኗ ቦታ ሲለቀቅ ሄጄ ተቀመጥኩ። ለቅሶ ቤት እንዲህ ያለ ነገር እንደማይነሳ አውቃለሁ፤ ግን አፌን መያዝ ያኔም አልቻልኩም፣ አሁንም አልቻልኩም።

«ሰናይት፣ ያን ጊዜ በልጅነታችን…»

«አ… አስታውሳለሁ» አለች፣ ሳታየኝ። «እናቴ ሦስት ቀን ማንንም አላወቀችም። መ… መጨረሻ ላይ ዓይኗን ገልጣ ጠራችኝ። በ… በምን ስም እንደጠራችኝ ታውቂያለሽ።»

«ይቅር በይኝ።»

«ሰው እየሰማ ነው። ሻ… ሻይሽን ጠጪ።»

ጠጣሁ። ስነሳ እስከ ድንኳኑ በር ሸኘችኝ፤ ያየ ሰው አክብራኝ የወጣች ይመስለዋል። እዚያ ቆማ አንድ ነገር ልትለኝ ሞከረች፣ ቃሉ ያዛት። ልጆች ሳለን ሲይዛት እኔ ነበርኩ የምጨርስላት፤ አሁንም ምን ልትል እንደሆነ ገብቶኝ ነበር፣ ግን እስክትጨርስ ጠበቅኋት።

«ለአ… ለአር… ለአርባዋ አትምጪ» አለችኝ።

የድሮው ግቢ ዛሬ አስፋልት ነው። ቧንቧው በየት በኩል እንደነበር፣ የእነ ቢንያም በር ምን ቀለም እንደተቀባ ሲጠፋኝ የምጠይቃት አንዲት ሰው ቀርታኝ ነበር፤ ወንድሞቼ አያስታውሱም፣ እናትና አባቴ አልፈዋል። በአርባዋ ዕለት በጠዋት ተነስቼ ጥቁር ቀሚሴን ለበስኩ፣ ነጠላዬን ዘቅዝቄ ለበስኩ፣ ደረጃውንም ወረድኩ። ከዚያ ተመልሼ ልብሴን አወለቅሁና ለልጄ ምሳ መሥራት ጀመርኩ።