በየገጹ የሚተው ክፍት ቦታ

መርካቶ ውስጥ ባዶ ቦታ እንደ ነውር ነው የሚቆጠረው። ጣቃ ጨርቁ እስከ ኮርኒስ ይደረደራል፣ ደረጃ ሥር ሳይቀር ካርቶን ይጠቀጠቃል። አንዋር መስጊድ አጠገብ ካለው የሀጂ አብዱልከሪም ጨርቅ ማከፋፈያ ለኢየሩስ የደረሳትም ከዕቃ የተረፈች የላይኛው ፎቅ ክፍል ናት። ሥራዋ የሱቁን ዳታቤዝ መጠበቅ ነው፤ የትኛው ጨርቅ የት መጋዘን እንዳለ የሚታወቀው በሱ ነው።

ዳታቤዙ ቀርፋፋ ነበር። ቀርፋፋነቱ ግን ለኢየሩስ ሰው ያመጣላታል። ታች የምትሸጠው ሀስና ኮምፒውተሩ በቆመባት ቁጥር ደረጃውን ትወጣና፣ “ኢየሩስዬ፣ ኧረ ደንበኛው ቆሞ ሸበተ” ትላለች። እስኪስተካከል ቁጭ ብላ ስለ እጮኛዋ፣ ስለ አማቷ አመል ታወራላታለች። ኢየሩስ እናቷን ከቀበረች ወዲህ ተክለ ሃይማኖት በተከራየችው ቤት ብቻዋን ነው የምትኖረው። ማታ በሯን ከዘጋች የሚያናግራት የለም። የቀኗ ጨዋታ ያቺው ሀስና ናት።

አንድ ቀን ሀጂ፣ የቆየ ደንበኛቸው መጠበቅ ሰልችቶት ጎረቤት ሱቅ ሲገባ አዩና እያለከለኩ ወጡ። ምን እንደሆነ ጠየቋት። ከእሷ በፊት የነበረው ባለሙያ መዝገቡ የሚቀመጥባቸውን የዳታቤዙን ገጾች አንድም ክፍተት ሳይተው ጢም አድርጎ እንደሞላቸው ነገረቻቸው። አዲስ ጨርቅ ሲመዘገብ ቦታ ይጠፋል፤ ገጹ ለሁለት ይከፈልና ግማሹ ሌላ ጥግ ይወድቃል። እንዲህ እንዲህ እያለ የአንድ ዓይነት ጨርቅ መዝገብ ሁሉ ተበታትኗል፤ ማሽኑ እሱን ሲለቃቅም ይውላል። መድኃኒቱ ሁሉንም በየዓይነቱ መልሶ መደርደርና በየገጹ ክፍት ቦታ መተው ነው።

“ባዶ ልትተዪ? እዚህ መርካቶ?” አሉ ሀጂ።

“ለሚመጣው ነው፣ ሀጂ። አዲሱ ሲገባ ነባሩ እንዳይፈናቀል።”

ጢማቸውን እየዳበሱ ትንሽ አሰቡ። “በይ ጁምአ ላይ አድርጊው። ያኔ ማንም አይነካካብሽም።”

ዓርብ መንገዱ በሰጋጆች ሞላ፤ ሱቁ ተዘግቶ ሕንጻው ጭር አለ። መምጣቱ ለቀረው ሱፍ ቦታ አያስፈልገውም፣ ኢየሩስ መዝገቡን ጠቀጠቀችው። በየሳምንቱ ለሚገባው የመጋረጃ ጨርቅ ግን ምን ያህል ትተው? እጇ ቆመ። ጥቂት ብትተው ወር ሳይሞላ ገጹ ይሞላል፤ ሀስናም ትወጣለች። ማንም አያውቅባትም። ትንሿን ቁጥር ጻፈችና አየቻት። ከዚያ ሀስና በደንበኛ ጩኸት መሐል ላቧን ስትጠርግ ታሰበቻት። ቁጥሯን አጠፋችና የሚበቃውን ቦታ ሰጥታ ሥራውን አስጀመረች። ሰው ከስግደት ሲመለስ አልቆ ጠበቀው።

ከሰዓት በኋላ ሀስና ከታች ደወለች። “አንቺ፣ መብረቅ አደረግሽው እኮ! እግሬ ዛሬ ዐረፈ።”

በማግስቱ ማንም አልወጣም። በሚቀጥለው ሳምንትም እንዲሁ። ኢየሩስ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ራሷ ወረደች። ሱቁ በገዢ ተጨናንቋል። ሀስና በአንድ እጇ መጋረጃ እየለካች በሌላው ሰላም አለቻትና ወደ ቀጣዩ ደንበኛ ዞረች። ጣቃ የተሸከመ አዲስ ሠራተኛ ከኋላ መጥቶ፣ “እህቴ፣ የምትገዢው ከሌለ መንገዱን ልቀቂልን” አላት።

ለቀቀችለት። ደረጃውን ቀስ ብላ ወጣች።