በክብ እሺ፣ በኤክስ እምቢ

አሮጌ የጌም ማሽን ሲሞቅ የራሱ ሽታ አለው። የተቃጠለ ላስቲክ አይደለም፣ አቧራም ብቻ አይደለም፤ ተዘግቶ የከረመ ቆርቆሮ ቤት ቀትር ላይ ሲከፈት ከሚወጣው አየር ጋር ትንሽ ይቀራረባል። ቆሰበር በተከራየሁት ቤት ውስጥ እንዲህ ያሉ ማሽኖች ሰባት አሉኝ። የሚሠሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ቅዳሜ ሲሆን አንዱን ሰክቼ፣ መጫወቱን ትቼ፣ እስኪሞቅ አጠገቡ እቀመጣለሁ። አከራዬ አንድ ቀን በበሩ በኩል አየችኝና «ምነው የኔ ልጅ፣ እንቁላል ልታስፈለፍይ ነው?» አለችኝ። ሳቅኩ። እውነቱን ብነግራት ኖሮ ግን ሁለታችንም አንስቅም ነበር። ላንተ ልንገርህ።

ያደግኩት ዳንግላ ነው። ከመንገድ ፊት ያለችው ክፍላችን ድሮ የአባቴ ሱቅ ነበረች። አባቴ ካረፈ በኋላ ባዶዋን ከርማ፣ አክስቴ ከዱባይ ስትመለስ ለታላቅ ወንድሜ ያመጣችለት ማሽን ገባባት። ያገለገለ ዕቃ ነበር፤ አገሩም ጃፓን። ወንድሜ አንድ ቲቪ ተበደረ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር አሠራ፣ ብርሃን እንዳይገባ መስኮቱ ላይ ግራጫ ብርድ ልብስ ሰቀለ፣ ፕሌይስቴሽን ቤትም ተባለ። ያኔ እሱ አሥራ ስምንት፣ እኔ አሥራ ሁለት ዓመታችን ነበር።

ክፍሏ እስከ ዛሬ በአፍንጫዬ አለች። የእርጥብ ሹራብ፣ የቆሎ፣ የላብና የዚያ የማሽን ሙቀት ሽታ አንድ ላይ። ውጭ ጋሪ ሲያልፍ የፈረሱ ኮቴ ከቲቪው ጩኸት ጋር ይደባለቅ ነበር። ብርድ ልብሱ አንድ ቦታ ቀዳዳ ስለነበረው፣ ከሰዓት በኋላ በዚያ የምትገባው ፀሐይ ከልጅ ጭንቅላት ወደ ልጅ ጭንቅላት ትሻገራለች። እኔ ሰዓቱን በሷ ነበር የማውቀው።

ልጁ ሁሉ የሚጋፋለት የኳስ ጨዋታው ነበር። ሲዲው ግን በጃፓንኛ የተጻፈ ነው። ከዳንግላ ልጆች አንዳችን እንኳ አንዲት ፊደል አላነበብንም፤ ያጠናነው በቦታው ነው። ከላይ ሦስተኛው ቡድን መምረጫ፣ ከታች ሁለተኛው ማስቀመጫ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ይህን ነበር የምንማረው፦ ጆይስቲኩ ላይ ክቡ እሺ ነው፣ ኤክሱ እምቢ። የጃፓን ማሽን እንዲያ ነው። ሌላ አገር የተሠራው ግን ተቃራኒ ነው፤ በኤክስ እሺ ይላል፣ በክብ ይመለሳል። ይህን ያወቅነው አንድ የባሕር ዳር ጎረምሳ ለፋሲካ ዘመድ ሊጠይቅ መጥቶ እኛ ቤት ሲጫወት ነው። እሺ ማለት ሲፈልግ እምቢ እያለ፣ ገና ቡድን ሳይመርጥ ተራው አለፈበት። «አንተ፣ ከተማ ላይ በግራ እጅ ነው የምትበሉት?» እያልን ሳምንቱን ሙሉ ቀለድንበት።

ወንድሜ አይጫወትም ነበር። በዚያን ጊዜ የጌም ቤት ባለቤት ከደንበኛ ጋር ከተጫወተ ነውር ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ማሽኑ አጠገብ ስለሚውል ማን ያሸንፈዋል? እሱ በሩ ሥር ከበርጩማው ላይ ተቀምጦ ተራ ይይዛል፣ የተሸነፈውን ያስነሳል፣ የተጣሉትን ያስታርቃል። «አንዴ ከኔ ጋር ተጫወት» ብዬ ሳስቸግረው፣ «ዳኛ ጎል ሲያገባ አይተሽ ታውቂያለሽ?» ይለኛል። ከዚያ ቤት ሁሉም ሰው አውራ ጣቱ በቁልፉ ደድሮ ሲወጣ፣ የሱ ብቻ እንደለሰለሰ ቀረ።

አንድ ክረምት ዝናቡ አልነሳ አለና ደንበኛ ጠፋ። ቆርቆሮው ከመጮሁ የተነሣ እየተጯጯህን ነበር የምናወራው። ያን ሰሞን ነው ወንድሜ የራሳችንን ቡድን የሠራው። ጨዋታው አዲስ ተጫዋች የሚፈጠርበት ቦታ አለው፤ ስሙን ጽፈህ፣ ቁመቱን፣ ፀጉሩን፣ የሚመታበትን እግር ትመርጥለታለህ። የሰፈሩን ልጆች አንድ በአንድ አስገባቸው። የጋሪ ነጂው ልጅ ሲሮጥ የሚደርስበት ስለሌለ አጥቂ ሆነ። የዳቦ ቤቱ ልጅ አማካይ። ሁለቱን መንትዮች ተከላካይ አደረጋቸውና እንዳይምታቱ ለአንዱ ቢጫ ፀጉር ሰጠው፤ ልጁ ሲያየው ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። በረኛዋ እናታችን ናት። በትምህርት ሰዓት በሩ ላይ ቆማ ዩኒፎርም የለበሰ ስለማታስገባ፣ ወንድሜ «ከሷ የሚያልፍ የለም» አለ። እኔን ተጠባባቂ አደረገኝ።

ሁለት ቀን አኮረፍኩ። ምሳውን አላደርስለት አልኩ፤ ሲያልፍ ሲያገድም ፊቴን አዞርኩ። በሦስተኛው ቀን ጠርቶኝ ቲቪው ላይ አሳየኝ፦ አሥራ አንድ ቁጥር፣ ግራ ክንፍ፣ ስሜ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ የመጨረሻዋ ፊደል ቦታው አልበቃት ብሎ ተቆርጣ። በደስታ የምሆነውን አጣሁ። ቡድኑ የተቀመጠበትን ሚሞሪ፣ ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ ጥቁር ካርድ፣ ከሌላው እንዲለይ በራሴ ቀይ የጥፍር ቀለም ጫፉን ቀባሁት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወንድሜ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። «አሥራ አንድ ቁጥር፣ ውኃ አምጭልኝ» ነበር የሚለኝ።

ከዚያ ልጆቹ አደጉ፣ ስልክም መጣ። አግዳሚዎቹ ባዶ መዋል ጀመሩ። ወንድሜ በርጩማው ላይ ሆኖ መንገዱን ሲያይ ይውል ጀመር። ከእኩዮቹ ሦስቱ በሱዳን በኩል ወጥተው ነበር። እናቴ ታውቅ ኖሮ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ምንም አልጠረጠርኩም። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር።

አንድ ጧት ማሽኑን በካርቶን ሲያሽግ ደረስኩበት። «ጫግኒ የሚገዛኝ አግኝቻለሁ። ሸጬ አዲስ አመጣለሁ» አለኝ። ሳያማክረኝ መወሰኑ አንገበገበኝ። ሚሞሪውን ከላይ አንሥቶ ዘረጋልኝ። «ይችን ላስቀርልሽ?»

«አልፈልግም! ይዘኸው ሂድ!» አልኩት።

ትንሽ አየኝና ካርቶኑ ውስጥ መልሶ ከተታት። አዲስ ማሽን አልገዛም። በሦስተኛው ቀን ከመተማ ደወለ፤ የሸጠው ለመንገዱ ነበር። ከወር በኋላ ከበረሃው ዳር አንድ ጊዜ ደወለ። እናቴ ለቅሶ ስላሸነፋት ስልኩን ለኔ ሰጠችኝ። «አሥራ አንድ ቁጥር፣ ደኅና ነሽ?» አለ። ይቅር በለኝ ልለው አፌን ስከፍት ኔትወርኩ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አልደወለም።

ስድስት ዓመት ጠበቅን። በስድስተኛው ዓመት አብሮት ወጥቶ የነበረ ልጅ ተመለሰ። መንገድ ላይ ስለተለያዩ በዓይኑ አላየም፤ የተሳፈሩበት መኪና በረሃ ላይ ቀረ ሲባል መስማቱን ብቻ ነገረን። ዘመድ ተሰብስቦ ቁርጡን እንወቅ ስላለ ለቅሶ ተቀመጥን። እናቴ ምንም አልተቃወመችም። አለቀሰች፣ ዓመት ሙሉ ጥቁር ለበሰች፣ ዓመቱ ሲሞላ አወለቀች። እኔም ልቧ ቆርጦለታል ብዬ አሰብኩ።

የኔ ግን አልቆረጠም። መምህርት ሆኜ ቆሰበር ስመደብ ያቺን ሚሞሪ ፍለጋ ጀመርኩ፤ ማሽኑን ጫግኒ ማን እንደገዛው፣ ከዚያስ ወዴት እንደዞረ የሚያውቅ አልነበረም። የተዘጉ ጌም ቤቶችን እያጠያየቅሁ፣ «አሮጌ ማሽን አለህ?» እያልኩ ስዞር ሰው ሰብሳቢ ናት አለኝ። እኔም ነኝ አልኩ። ከዳንግላ ሁለት፣ ከባሕር ዳር አንድ፣ ከቆሰበርም አራት አገኘሁ። የዚያው የኳስ ጨዋታ ጃፓንኛ ሲዲ በአንዱ ሆድ ውስጥ ተረስቶ ተገኘ። ስሰካው የመክፈቻው ሙዚቃ ሲመጣ ወለሉ ላይ ተቀምጬ እስኪያልቅ ሰማሁት።

ሚሞሪዋን ያገኘኋት ባለፈው ዓመት ጫግኒ ነው። ሙቀቱ ያስጨንቅ ነበር። በዕድሜ የገፉ የሬዲዮ ጠጋኝ «ማሽኑስ ድሮ ተቃጥሎ ተጣለ፣ ትርኪምርኪው ግን እዚያ አለ» ብለው አንድ ካርቶን አሳዩኝ። ከገመድና ከብሎን ሥር ቀይ ነገር ታየኝ። ቀለሙ ተፋፍቆ የቀረው ምስር የሚያክል ነበር። «ጋሼ፣ ይችን ቢሰጡኝ?» ስል ከሥራቸው ቀና አሉ። «ውሰጃት ልጄ። ለኔ ምን ትሠራልኛለች» አሉኝ።

ቆሰበር ገብቼ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር ሰካኋት። የምጠቀምበት ማሽን ከባሕር ዳር ያገኘሁት ነው፤ ጃፓን ሠራሽ አይደለም። ካርዷ ስትከፈት የኛ ቡድን ፋይል አለ፤ ትንሽ ኳስ ትሽከረከራለች። አሥራ ሁለት ዓመት ካርቶን ውስጥ ተቀምጦ አለ። ወደ ጨዋታው ከመግባቴ በፊት ለጥንቃቄ ወደ ሌላ ካርድ ልገልብጠው አልኩ። ጆይስቲኩ ያረጀ ስለሆነ ምርጫው ራሱ ወደ ታች ይንሸራተታል፤ መገልበጥን የነካሁ መስሎኝ ማጥፋትን ነክቻለሁ። ማሽኑ በእንግሊዝኛ ይጥፋ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ገብቶኛል፤ እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። ማሽኑ የተገላቢጦሽ እንደሆነም አውቃለሁ፤ ሁለት ዓመት ተጠቅሜበታለሁ። ግን ደነገጥኩ፤ ስደነግጥ አውራ ጣቴ ወደ ዳንግላ ሄደ። እምቢ ልለው ኤክስን ተጫንኩ።

ኳሷ ጠፋች። ካርዱ ባዶ ነው የሚል ጽሑፍ መጣ።

ጮኼ አላለቀስኩም። ጆይስቲኩን ይዤ ቀረሁ። ያን ጧት ላስቀርልሽ ሲለኝ እምቢ ብዬው ነበር፤ አሁን ደግሞ እምቢ ስል ጠፋብኝ። በዚህ ዓለም እንደዚያ ቀን ራሴን ጠልቼ አላውቅም።

እሑድ ማሽኑን ከነሲዲው በሻንጣ ይዤ ዳንግላ ወረድኩ። ለምን እንደወሰድኩት አላውቅም። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ፊቴን አይታ «ምን ሆነሻል?» አለች። ነገርኳት። ስለ ሚሞሪ፣ ስለ ክብ፣ ስለ ኤክስ ስነግራት ግማሹ እንዳልገባት አውቃለሁ። ነጠላዋን አጣጥፋ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ምን ነበረበት?»

«የሰፈሩ ልጆች ስም፣ እማዬ። ሁላችንም። አንቺም በረኛ ነበርሽ።»

«እኔ? በረኛ?» ሳቀች፤ አፏን በእጇ ሸፍና ብዙ ሳቀች። ከዚያ ዓይኗን ጠረገችና፣ «ታዲያ መልሰሽ አትጽፊውም?» አለች።

ከእናቴ ቲቪ ጋር ሰካሁት። ሲዲው ጃፓንኛ ስለሆነ በጨዋታው ውስጥ ክቡ እሺ ነው፤ እጄ አልተሳሳተም። እኔ የዘነጋሁትን እሷ ታስታውሰኝ ነበር። የዳቦ ቤቱ ልጅ ማን ይባል እንደነበር፣ ከመንትዮቹ ታላቁ የትኛው እንደሆነ፣ ማን አዲስ አበባ እንደገባ፣ ማን ሦስት ልጅ እንደወለደ። የቢጫ ፀጉሩን ነገር ስነግራት «ምን አድርጎት!» አለች። እሷን በረኛ አደረግኋት፤ ለራሴ አሥራ አንድ ቁጥርን ሰጠሁ። ሲያልቅ ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ማንበብ ባትችልም በጣቷ እየተከተለች።

«እሱስ የታል?»

መልሱ ከአፌ ሲወጣ ነው ለራሴም የገባኝ። «እሱ የለበትም፣ እማዬ። ራሱን አላስገባም።» ያን ሁሉ ዓመት የፈለግሁት፣ ያጠፋሁት ብዬ የሞትኩለት ካርድ ውስጥ የወንድሜ ስም ኖሮበት አያውቅም።

እናቴ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። «አስገቢው» አለች።

ስሙን ጻፍኩ። ስሙን በእጄ ከጻፍኩ ብዙ ዓመት ሆኖኝ ነበር። ቁመቱን ሰጠሁት፤ «ትንሽ ጨምሪለት» አለችኝ፣ ጨመርኩለት። ፀጉሩን መረጠችለት። ቀጥሎ ማሽኑ ዕድሜውን ጠየቀ። ሃያ ሁለት ላይ አደረግሁት።

«ያ ቁጥር የምንድን ነው?»

«የዕድሜው ነው።»

«ሃያ ሁለት?» ዞራ አየችኝ፤ የገዛ ወንድሟን የማታውቅ ሰው የምታይ ይመስል ነበር። «በጥቅምት እኮ ሠላሳ አራት ሞላው።»

አውራ ጣቴን ወደ ላይ ገፋሁ። ሃያ ሦስት፣ ሃያ አራት፣ ሃያ አምስት። ቁጥሩ አንድ በወጣ ቁጥር እናቴ በከንፈሯ፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ አብራኝ ትቆጥር ነበር። ሠላሳ አራት ላይ ስደርስ እጄን ያዝ አደረገችው።

«በቃ» አለች። «እንግዲህ በየጥቅምቱ አንድ አንድ ትጨምሪለታለሽ።»