ባስልዮስ የቆረጣት የስኮትላንድ ሳንቲም

አንጥረኛው ባስልዮስ ጠዋት ሲነሳ ድካሙ ቀድሞት ተነስቶ ይጠብቀዋል። ነገሌ የገባው ደርግ በወደቀ ዓመት ነው፤ ወናፉን ተሸክሞ፣ አንድ ዓመት ሠርቶ ሊመለስ። ይኸው እስካሁን እየተመለሰ ነው። ያኔ የሙሽሮቹን አምባር የሚሠራው ከማርያ ትሬዛ ብር ነበር። አሁን የተሰበረ ድስት ያመጡና "ብር ነው" ይሉታል። ሰላሳ ዓመት የተዋሸ ሰው ጆሮውን አያምንም፤ የሚያምነው መቀሱን ነው። ምንም ይምጣለት፣ ሳይጠይቅ በቆርቆሮ መቀስ ይቆርጥና ውስጡን ያያል።

ሐሙስ ለታ የክሊኒኳ ነርስ ሩሐማ መጣች። በወረቀት የጠቀለለቻት ሳንቲም ስስ ናት፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አትበልጥ። ባንዱ ፊቷ ዘውድ የደፋ ንጉሥ ወደ ጎን ያያል፤ በሌላው ከዳር እስከ ዳር መስቀል ተዘርግቷል።

"ጋሽ ባስልዮስ፣ ሰባት መቶ ዓመት አልፏታል። ያስተማረችኝ ስኮትላንዳዊት ሲስተር ስትሞት የተወችልኝ ናት። ማንጠልጠያ ይሥሩላት፤ ቅዳሜ ሠርጌ ላይ አንገቴ ላይ ላደርጋት ነው። እናት የለኝም፣ እሷ ትቁምልኝ።"

"እሺ ልጄ።"

ልጅቷ ሄደች። ባስልዮስ እያዛጋ ሳንቲሟን አነሳ፤ እጁ እንደልማዱ መቀሱን አነሳ። ቀጭ! መስቀሉን ተከትሎ ለሁለት። ውስጧ እንደ ወተት ነጭ። "እውነተኛ ብር!" ብሎ ትንሽ ደስ አለው። ከዚያ የማን እንደሆነች ትዝ አለው።

በሩ ላይ የሚቀመጠው የከብት ደላላው ጂሎ አንገቱን አሰገገ።

"ያ ዋቃ! የልጅቷን ንጉሥ ሰየፍከው?"

"ዝም በል አንተ።"

"እኔ ዝም እላለሁ። ንጉሡም ዝም ብሏል።"

ባስልዮስ በየዳት፤ ማንጠልጠያም አደረገላት። ስፌቱ መስቀሉ ውስጥ ገብቶ ጠፋ፤ ንጉሡ ላይ ብቻ ጠባሳ ቢጤ ቀረ። ጦርነት የዋለ ነው ይባላል። ለልጅቷ መንገር አሰበና ተወው፤ መናገርም ጉልበት ይፈልጋል።

አርብ ሩሐማ አገላብጣ አየቻት፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ መረቀችው። ዝም ቢል አልቆ ነበር። ሙያ አናገረው።

"ንጹሕ ብር ናት ልጄ፣ እስከ ውስጧ።"

"ውስጧን በምን አዩት?"

ጂሎ ሰማይ ሰማዩን ማየት ጀመረ።

"ቆረጥኳት" አለ ባስልዮስ። "ልማድ ሆኖብኝ። ደክሞኝም ነበር። መልሼ በየድኳት።"

ሩሐማ ሳንቲሟን ገልብጣ መስቀሉን በጥፍሯ ዳሰሰች። "በመስቀሉ ላይ?"

"በመስቀሉ።"

"ሲስተር ትለኝ ነበር፤ የአገሯ የድሮ ሰዎች ዝርዝር ሲያጡ ሳንቲሟን በመስቀሉ እየቆረጡ፣ ግማሿን እንደ ግማሽ ሳንቲም ይገበያዩባት ነበር።"

"እንግዲያ አልተቆጣሽም?"

"ተቆጥቻለሁ እንጂ!" አለች፣ አንገቷ ላይ እያሰረቻት። "ቅዳሜ እንዳይቀሩ። መቀሱን ግን ቤት ይተዉት።"

ሄደች። ጂሎም ከኪሱ ቀለበት አወጣ። "የእህቴ ናት። ብር ናት።"

የባስልዮስ እጅ ወደ መቀሱ ሄዶ መንገድ ላይ ቆመ። ሰላሳ ዓመት ጠይቆ የማያውቀውን ጠየቀ፤ "ልቁረጣት?"

ጂሎ ደነገጠ። ቀለበቷን ወደ ኪሱ መለሰ።

"ግዴለም" አለ። "ብር መሆኗን እኔው አውቃለሁ።"