በረዶ የገለጠው ዓይን

ባለቤቴ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሰፈሩ «ጨዋታው» ይለዋል፤ ወደ እሱ ወንበር ከሚመጣው ሰው ግማሹ ለፀጉሩ፣ ግማሹ ለወሬው ነው። እኔ እንኳ ቀልዱን ስሰማ ኖሬ ሰልችቶኛል። ደንበኞቹ ግን አይጠግቡትም።

ባለፈው ዓመት ይህ ሰው ሥራ ላይ ይተኛል የሚል ወሬ ተነሣ። ጠዋት ዓይኑ ፍጥጥ ያለ ነው። ከምሳ በኋላ የግራው ዓይን ቆብ መውረድ ይጀምራል፤ ወደ ማታ ሁለቱም ክድን ይላሉ። አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ በቀረችው ስንጥቅ እያየ ነበር የሚቆርጠው። አንዱ ደንበኛ «ጨዋታው፣ ጆሮዬን ይዤ መመለስ እፈልጋለሁ» ብሎት ከወንበሩ ተነሣ። ሌሎቹ ማታ ማታ ይጠጣል አሉ። በሩን የምቆልፈው እኔ ነኝ፤ እንደማይወጣ አውቃለሁ፤ ግን ማን ይጠይቀኛል።

የፀጉር ቤቱ ባለቤት መላጣ ናቸው። እሳቸውም ታገሡ ታገሡና እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተሻለው ወንበሩን ለሌላ ሰው እንደሚሰጡ ነገሩት። እኛ የምናድረው በዚያ ወንበር ነው። ሌላ ሥራ ደግሞ አያውቅም። ስለዚህ እየጎተትኩ ሐኪም ቤት ወሰድኩት።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ጣሪያውን ሳያቋርጥ እንዲያይ አዘዘችው፤ የዓይኑ ቆቦች ቀስ እያሉ እንደ መጋረጃ ወረዱ። ከዚያ በረዶ በጓንት ጠቅልላ ግራ ዓይኑ ላይ አስቀመጠችለት።

«ዶክተር፣ እንዳልበላሽ ነው?» አላት።

ጥቂት ቆይታ ስታነሣው ግራ ዓይኑ ተከፍቷል። ቀኙ እንደተከደነ ነው። አንዱ ዓይን ፈጦ፣ ሌላው ተኝቶ ሲያየኝ ሳቄ አመለጠኝ። እንደዚያ ከሳቅኩ ቆይቻለሁ።

እንድታስረዳኝ ጠየቅኳት፤ ሳትቸኩል አስረዳችኝ። ነርቭ ጡንቻን ሲያዝ መልእክት የሚያደርስ ንጥረ ነገር ይለቃል። የጡንቻው ሴል ደግሞ ሽፋን አለው፤ ሽፋኑን በስተው የቆሙ ተቀባዮች አሉበት፤ አንዱ ጫፋቸው ውጭ፣ ሌላው ውስጥ። መልእክተኛው ራሱ ወደ ውስጥ አይገባም። ውጭ ባለው ጫፍ ላይ ሲያርፍ የተቀባዩ መሃል ይከፈትና ጨው ሽው ብሎ ይገባል፤ ጡንቻው የሚሠራው ያኔ ነው። የባለቤቴ ሰውነት ግን የገዛ ተቀባዮቹን እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲመታቸው ከርሟል። መልእክተኛውን ቶሎ ቶሎ የሚጠርግ ነገር ደግሞ አለ፤ ብርድ ያንን ጠራጊ ያዘገየዋል። በቀሩት ጥቂት ተቀባዮች ላይ መልእክተኛው ትንሽ ሰንበት ሲል ዓይን ይነሣል። የምታዝለት ክኒንም ጠራጊውን የሚያዘገይ ነው።

«መልእክቱስ ይላካል?» አላት ባለቤቴ።

«በደንብ ይላካል።»

ወደ እኔ ዞረ። «ሰማሽ? እኔ እኮ እልካለሁ፤ ያጣሁት የሚቀበለኝ ነው።»

የደም ምርመራውም ያለችውን አረጋገጠ። ጨርሶ የሚድን በሽታ እንዳልሆነ፣ ሲደክመው ማረፍ እንዳለበት፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረው በሩጫ እንድናመጣው አስጠነቀቀችን።

ወሩ ሲያልቅ፣ ወደ ማታ ገደማ፣ ክኒኑን አድርሼለት፣ እሱም ውጦት፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጫለሁ። የፀጉር ቤቱ ባለቤት ገቡና ወንበሩ ላይ ወጡ።

«ጢሜን ላጨኝ» አሉት። «በምላጭ።»

አግዳሚው ላይ የነበሩት ደንበኞች አንገታቸውን አሰገጉ። ባለቤቴ ጨርቁን አሰረላቸው፣ አረፋውን ቀባና ጀመረ። ዓይኑ ፍጥጥ ብሏል። አንገታቸው ጋ ሲደርስ ያቺን የሰለቸችኝን ቀልድ ጀመረላቸው። ሰውየው መሳቅም አልቻሉ፣ ምላጩ ጉሮሯቸው ላይ ነው፤ እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ። ሲጨርስ አንገታቸውን ዳብሰው መስታወቱን አዩ።

«ወንበሩን ልሰጠው ላሰብኩት ሰው እኔ እነግረዋለሁ» አሉት። «ወንበሩ ያንተ ነው። ከሰዓት ግን አረፍ እያልክ።»

«እሺ ጋሼ» አለና ጨርቁን አራገፈ። «ተራው የማን ነው?»

ሦስት ሰው በአንዴ ተነሣ።