በቀይ የሰረዝሁት ገጽ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የማስተርስ ተማሪ ደብረ ማርቆስ ቤቴ ድረስ መጥታ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ሽፋኑን ሳየው ደነገጥሁ። ወጣት መምህር ሳለሁ ስለ አለቃ ውብነህ ሕይወት የጻፍሁት ነው። ቶሎ ብዬ አርባ አንደኛውን ገጽ ገለጥሁ። ንጹሕ ነው፤ አልተሰረዘም። ስንት ዓመት የፈለግሁት ቅጂ በእግሩ መጣልኝ።

አለቃ ውብነህ በደብረ ወርቅ አካባቢ የኖሩ ቁም ጸሐፊ ነበሩ፤ ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው መጽሐፍ በእጅ የሚጽፉ። ከሞቱ በኋላ ስማቸውን የሚያነሣ እየጠፋ ሄዶ ነበር። እኔ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ገና መውጣቴ ስለነበር የተረሳን ሰው ማስታወስ የኔ ድርሻ መሰለኝ። ትሕትና በዚያ ዕድሜ ብዙም አልነበረኝም፤ አሁንም ተትረፍርፎልኛል አልልም።

ሰኔ ግም ሲል ተነሣሁ። አውቶቡሱ ደጀን ላይ አወረደኝ፤ ከዚያ ጨው በጫነ መኪና ደብረ ወርቅ ገባሁ። ቀሪው የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው፤ ጭቃው ጫማዬን ሁለት ጊዜ አስቀርቶብኛል። የአለቃ ልጅ እማማ አንጓች ልጅ ያልወለዱ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ነበሩ። እርጥብ ካልሲዬን ምድጃው ዳር አስጥተው የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ አቀረቡልኝ። እኔ ድንቹን በአንድ እጄ፣ የጥያቄ ወረቀቴን በሌላው ይዤ ጀመርሁ።

«ሙሉ ስማቸው ማን ነበር?»

«ውብነህ እንግዳ።»

የት እንደተወለዱ፣ ከማን እንደተማሩ ጠየቅሁ። የጠየቅሁትን ሁሉ መለሱ፤ ያልጠየቅሁትን አልጨመሩም። ስወጣ እስከ አጥሩ ሸኙኝና፣ «እኔ አልወለድሁ። ከአባቴ የቀረው ያ ቤተ ክርስቲያን ያለው መጽሐፍ ብቻ ነው። እሱን አደራ፣ በደንብ ጻፍልኝ» አሉኝ።

መጽሐፉ ትልቅ የብራና ጥራዝ ነው። አገሬው በሙሉ የአለቃ ውብነህ እጅ ነው ይላል። የመጨረሻውን ገጽ ሳስገልጥ ግን የጸሐፊው ስም «ወልደ ሰንበት» ይላል። ወሬና ጽሑፍ ሲጣሉ ጽሑፉን ያዙ ተብለን ነበር የተማርነው። ስለዚህ አርባ አንደኛው ገጽ ላይ፣ ሕዝቡ በስሕተት ለአለቃ ውብነህ ቢሰጠውም መጽሐፉ ወልደ ሰንበት የተባለ የሌላ ሰው ሥራ ነው ብዬ ጻፍሁ። የአለቃ ተፎካካሪ ሳይሆን አይቀርም ብዬም ጨመርሁ። ይህቺን ያስጨመረኝ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሲታተም ለእማማ አንጓች ይዤላቸው ሄድሁ። መስከረም ነበር፤ መንገዱ መድረቅ ጀምሯል፤ እሳቸውም የገብስ እሸት ጠብሰው ጠበቁኝ። ማንበብ ስለማይችሉ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ አነበብሁላቸው። የአባታቸውን ልጅነት ሳነብ ሳቁ፤ ሞታቸውን ሳነብ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም ድምፄ ደስ እያለኝ ወደ ኋላ ተመልሼ የመጽሐፉን ነገር ያዝሁ።

«እስቲ ድገመው» አሉ።

ደገምሁት።

«ወልደ ሰንበት ያልኸው ማን ነው?»

«ሌላ ጸሐፊ ነው፣ እማማ። ስሙ መጽሐፉ ላይ አለ።»

«አንተ ክርስትና አልተነሣህም?»

«ተነሥቻለሁ።»

«ታዲያ ቄሱ የሚያቆርቡህ በትምህርት ቤት ስምህ ነው? አባቴ ሲሞት ቄሶቹ የፈቱት ወልደ ሰንበት ብለው ነው። በየዓመቱ ለነፍሱ የማስጠራውም ወልደ ሰንበት ብዬ ነው።»

ቁም ጸሐፊ ሥራውን በክርስትና ስሙ እንደሚፈርም የቆሎ ተማሪ ያውቀዋል። እኔም የክርስትና ስም ነበረኝ፤ ግን ከዩኒቨርሲቲው በር ውጭ ትቼው የገባሁ ይመስል ትዝ አላለኝም።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልሁ፤ ያሳፍራል፣ ግን አልሁ።

«መቼ ጠየቅኸኝ? ደግሞስ የክርስትና ስም ለመጣ ለሄደው ይነገራል?» ቀጥለውም፣ «የቀረው እሱ ብቻ ነበር፤ እሱንም ለሌላ ሰጠህበት» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«አስተካክለዋለሁ፣ እማማ።»

«የተሸጠውንስ?»

ያን ዓመት የተሸጠውን ስፈልግ ባጀሁ። ይጁቤ ድረስ ሄጄ ከመምህራን መሳቢያ አወጣሁ፤ ደብረ ማርቆስ ከጸጉር አስተካካይ ቤት ሳይቀር ለቀምሁ። እያንዳንዱን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤ ጎኑ ላይ፣ «ወልደ ሰንበት የአለቃ ውብነህ የክርስትና ስም ነው፤ ስሕተቱ የኔ ነው» ብዬ ጻፍሁ። ሁሉን ግን አላገኘሁም።

የተሰረዘውን ቅጂ ሳመጣላቸው እማማ አንጓች ቀዩን መስመር በጣታቸው ዳበሱት። «እዚህ ጋ ነው?» አሉኝ። «እዚህ ጋ ነው» አልሁ። ቆይተው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና የራሳቸውን የክርስትና ስም ነገሩኝ።

«ስሞት የሚያስጠራልኝ የለም። ይህን ግን እንዳትጽፈው» አሉ።

አለቀስሁ። ለምን እንዳለቀስሁ አልጠየቁኝም፤ ድንች ልቀቅል ብለው ተነሡ።

ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆነ። ባለፈው ሳምንት የተማሪዋን ቅጂ እንደ ሌሎቹ ሰርዤ፣ ጎኑ ላይ ጽፌ ታሪኩን ነገርኋት። መስመሩ እንደ ድሮው ቀጥ አላለልኝም። ከዚያም የሷ ተራ ሆነና ማስታወሻዋን አወጣች።

«ልጃቸውንም ጥናቴ ላይ ላስገባቸው። ሙሉ ስማቸው ማን ነበር?»

«አንጓች ውብነህ።»

ጻፈችው። ከዚያ፣ ብልህ ልጅ ናት፣ ቀና ብላ አየችኝ። «የክርስትና ስማቸውስ?»

«እሱን በየዓመቱ ለቄሱ ነው የምነግረው» አልኋት።

እስክሪብቶዋን ዘጋች።