በቀብር ቀን ቡናውን ማን ይጠብቅ

ከጅማ አጠገብ ካለችው ከየቡ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ኮረብታ ላይ የእኛ ቡና ከአንድ ባለሀብት ሰፊ እርሻ ጋር ይዋሰናል። ሰውዬው ጠመንጃ የያዙ ዘበኞች ነበሩት። የእሱን ድንበር ሲዞሩ የእኛንም አብረው ይዞሩልን ነበር፤ እኛ ደግሞ መኪናው በማሳችን መሀል እንዲያልፍ ፈቅደንለታል። ውል የሚባል ነገር አልነበረም። ሌባ ዘበኞቹን ስለሚፈራ ለብዙ ዓመት በሩን ሳይዘጋ እንደሚተኛ ሰው ኖርን።

ባለፈው ዓመት ቡናው መቅላት ሲጀምር የእርሻው ኃላፊ መጣና፣ "ሌላ መንገድ ሠርተናል፣ በእናንተ በኩል አናልፍም። ከእንግዲህ የምንጠብቀውም የራሳችንን ብቻ ነው" ብሎን ሄደ። በትሕትና ነበር የነገረን። ተበደልን ለማለት እንኳ አልመቸንም።

ከሁላችንም ይልቅ የደነገጠችው ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን ናት። ማሳዋ ትንሽ ናት፣ ያለችውም መኪና መንገዱ ዳር ነው። ሌባ ወደ ኮረብታው ሲወጣ መጀመሪያ የሚያገኘው የእሷን ቡና ነው። ባለሀብቱም ያቺን ማሳ ከእርሻው ጋር ሊቀላቅላት ስለሚፈልግ በየጊዜው ሰው ይልክባት ነበር። የዚያ ዓመት ምርቷ ከተሰረቀ ለእሱ ከመልቀቅ ሌላ መውጫ እንደሌላት የማያውቅ አልነበረም።

በዚያው ሰሞን ራዲዮኑም የሚያወራው ስለ ጥበቃ ነበር። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ ከሱቅ እቃ ተጠቅልሎባቸው በሚመጡ ጋዜጦች ነው። ከዚያ ወዲህ ዜና አያመልጠኝም። አሜሪካ የአውሮፓ ወዳጆቿን "ራሳችሁን ጠብቁ" እያለች ነው፤ እነሱም ግማሾቹ ተቆጥተው፣ ግማሾቹ ደንግጠው ስብሰባ ላይ ናቸው ይላል። ጅማ ኮሌጅ የምታስተምረው ሴት ልጄ ቅዳሜ ስትመጣ በዚህ እንከራከር ነበር።

"ደግ አደረገቻቸው" አልኳት። "ሀብታሞች ናቸው፣ የተማሩ ናቸው። የሰው ክንድ ተንተርሶ የተኛ፣ ባለ ክንዱ ሲነሳ አንገቱን ቢያመው ማንን ይከሳል?"

"እርስዎ ደግሞ አባዬ፣ ሁሉን ነገር ምክር ያደርጉታል። ዳር ያሉት ትንንሾቹስ? መሀል ያሉት እስኪስማሙ ዳር ያለው ያልቃል እኮ።"

"ይስማሙ እንጂ! ጎረቤታሞች አይደሉም?"

"ጎረቤታሞች ስለሆኑ ነዋ የማይስማሙት።"

ለአባት እንዲህ አይመለስም ብዬ ተቆጣኋት።

ባለማሳዎቹ ሁላችን ከዋንዛው ሥር ተሰበሰብን። አብሮኝ ያረጀው ጎረቤቴ ነው ቀድሞ የተናገረው። እሱ እስላም ነው፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ በዓመት በዓል አንዳችን ካንዳችን ቤት ቀርተን አናውቅም።

"ኦቦሌሳ፣ ማሎ፣ እባክህ ወንድሜ፣ ባለሀብቱ ዘንድ ሽማግሌ እንላክ" አለኝ። "ሰው ነው፣ ያፍራል።"

"ምን ብለን? ጠብቀን ብለን? ወንድ የጠፋበት መንደር ነው?"

"ወንዱማ ጅማ ባጃጅ እየነዳ ነው። እዚህ የቀረነው እኔና አንተ ነን። ሌባው እኛን ቢያይ፣ ወላሂ፣ አዝኖልን መቀመጫ ነው የሚፈልግልን።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ስለ ክብር፣ በራስ ስለ መቆም ረዘም አድርጌ ተናገርኩ። ስጨርስ መንገድ ዳር ያለችው ጎረቤታችን ነጠላዋን አስተካከለችና፣ "ጋሼ፣ ክብሩ የሁላችን ነው፤ የሚሰረቀው ግን የኔ ነው። ይህን አስባችሁ ወስኑ" አለች።

በተራ ልንጠብቅ ወሰንን። በእሷ ማሳ ዳር ማማ ሠራን፤ ተረኛው ገጀራና ፊሽካ ይዞ እዚያ ይቀመጣል፣ ሲያፏጭ ሌላው ይደርስለታል። አላቃተንም ነበር። አንድ ቀን ጆንያ የያዙ ሰዎች ከመንገዱ ሲወጡ ተፏጨ፣ ከየማሳው ሰው ብቅ ሲል ተመለሱ። ልጄ ስትመጣ ይህን ሳልነግራት አላደርኩም። "ጥሩ ነው" ብቻ አለችኝ።

ከዚያ የመንደሩ ትልቅ ሰው ሞቱ። በእኛ አገር ከቀብር መቅረት ከጠብ ይብሳል፤ የታመመ ሰው እንኳ ምርኩዙን ይዞ ይወጣል። የዚያን ቀን ተረኛ ያ አብሮኝ ያረጀው ጎረቤቴ ነበር። ሬሳው በማማው ሥር ሲያልፍ ወርዶ መጣ። ሬሳ ከሥሩ እያለፈ ማን ከላይ ይቀመጣል? ሲመጣ አየሁት። ቦታ ለቀቅኩለትና የቃሬዛውን አንድ ወገን አብረን ያዝን። ላይ ማን ቀረ ብሎ የጠየቀው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ትዝም አላለኝ።

ስንመለስ የሴትዮዋ ማሳ ተገፍፏል። ቀዩን ለቅመው ቢሄዱ እንኳ ይሻል ነበር፤ አረንጓዴውንም ከነቅጠሉ መልምለውታል፣ ቅርንጫፉን ሰባብረውታል። የሚመጣውንም ዓመት ነው ይዘውባት የሄዱት። የተረፈው ከላይ በኩል ያለው ጥቂቱ ብቻ ነበር። ጎረቤቴ ገጀራውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። እሷ አላለቀሰችም።

"የሰውዬው ዘበኞች ለምን ለቀብር እንደማይወርዱ አሁን ገባኝ" አለች። "ከሌላ አገር የመጡ ናቸው። እዚህ የሚቀብሩት ሰው የላቸውም።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ራዲዮኑ ይህን አልነገረዎትም ጋሼ?"

ይህን ነገር ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። እነዚያ የአውሮፓ አገሮችም የየራሳቸው ለቅሶ አለባቸው። ምርጫ አለባቸው፣ ኑሮ የመረረው ሕዝብ አለባቸው፣ የቆየ ቂም አለባቸው። ክፉ ቀን ሲመጣ እያንዳንዱ ወደ ለቅሶው ይሮጣል። ከሩቅ የመጣው ኃያል ግን የሚያለቅስለት ስለሌለ ከቦታው አይነቃነቅም፤ የሚፈራውም ለዚህ ነው። ነገር ግን እዚህ ለቅሶ የሌለበት ሰው ለመሄድም አይቸገርም። አንድ ጠዋት ሌላ መንገድ ሠርቻለሁ ይላል፣ አለቀ። ስለዚህ ዛሬም ራሳቸውን ይጠብቁ እላለሁ። ድሮ ግን ይህን ስል ጉልበትና ገንዘብ ብቻ የሚጠይቅ ይመስለኝ ነበር። አሁን የሚጠይቀውን ስለማውቅ ጮክ ብዬ አልናገረውም።

እንደገና ተሰበሰብን። ባለሀብቱ ለሴትዮዋ በዚያው ሳምንት ሰው ልኮባት ነበር፤ "የተረፈውን እስክለቅም ታገሱኝ" ብላ መለሰችው። የተረፈችውም ከተወሰደች ነገሩ ያከትማል። ሕግ አወጣን፦ በቀብር ቀን ተረኛው ከማማው አይወርድም፣ የሞተው የማንም ይሁን፤ ሐዘንተኛውም ቂም አይይዝበትም። "የማንም ይሁን" የሚለውን ያስገባሁት እኔ ነኝ። የእድሩ ዳኛ አንገታቸውን ነቅንቀው፣ "ክፉ ሕግ ነው። ይሁን" አሉ።

ብዙ ሳይቆይ የዚያው ጎረቤቴ እናት አረፉ። በወጣትነቴ ከሸዋ ወደዚህ አገር ስመጣ ያስጠጉኝ እሳቸው ናቸው። ኦሮምኛም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ በተሳሳትኩ ቁጥር ሆዳቸውን ይዘው እየሳቁ። የዚያን ቀን ተረኛው እኔ ነበርኩ። ጎሕ ሲቀድ ማማ ላይ ወጥቻለሁ፣ መርዶው የደረሰኝ እዚያው ነው።

ልጄ ለለቅሶው ከጅማ መጥታ ወደ ማማው ወጣች። "አባዬ፣ ይውረዱ። እኔ እቀመጣለሁ።"

"ተረኛው እኔ ነኝ። ለኔ ምትክ ከተፈቀደ ነገ የማይወርድ አይኖርም።"

"ሕግ ነው ወይስ ግትርነት?"

"አላውቅም" አልኳት። እውነቴን ነው። ጫማዋን አውልቃ ጭቃውን ካራገፈች በኋላ ብቻዋን ወደ ለቅሶው ቤት ወረደች።

ቃሬዛው በሥሬ ሲያልፍ ተነስቼ ቆምኩ። "ላ ኢላሃ ኢለላህ" እያሉ ነው የሚያልፉት። ቀና ብለው ያዩኝ ነበሩ። ጎረቤቴ ከፊት በኩል ተሸክሟል፣ አላየኝም፣ ወይም ላለማየት ወስኗል። ድምፁ እስኪርቅ ቆሜ ቆየሁ።

ከዚያ ሁለት ሰዎች ባዶ ጆንያ ትከሻቸው ላይ ጥለው በመንገዱ መጡ። ከማሳው ጫፍ ሲደርሱ ዘገም አሉ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ቀና ብለው አዩኝ፣ ሰላምታ ሰጡኝ፣ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ሌቦች ይሁኑ መንገደኞች እስከ ዛሬ አላውቅም። የጥበቃ ክፋቱ ይህ ነው፤ ያዳንከው ነገር መኖሩን የሚነግርህ የለም፣ ያጣኸውን ግን ታውቀዋለህ።

ከሰዓት በኋላ የሚቀይረኝ ሰው መጥቶ ወረድኩ። የለቅሶው ቤት ሞልቷል። ስገባ ወሬው ቆመ። ከሴቶቹ መሀል መንገድ ዳር ያለችው ጎረቤታችን አየችኝና አቀረቀረች። የተረፈችውን ቡና በማግስቱ ትለቅማለች፤ ባለሀብቱንም ለዘንድሮ እንቢ እንደምትለው ለልጄ ነግራታለች። የከርሞውን እንጃ።

ጎረቤቴ ሰሌኑ ላይ ተቀምጧል። ዓይኖቹ ቀልተዋል።

"ቡናው ደህና ነው?" አለኝ።

"ደህና ነው።"

"አልሐምዱሊላህ።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሳትሞት ጠይቃህ ነበር። ያ የሸዋው ልጅ የት ሄደ አለችኝ" አለ።

"ምን አልካት?"

"ቡና እየጠበቀ ነው አልኳት።"

"እሳቸውስ?"

"ምንም አላለችም።"

ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ከፈትኩ። ግን ሕጉን ያወጣነው አብረን ነው፣ ነገም የሚጠብቀን ይኸው ሕግ ነው። ይቅርታ ጠይቄ በሚቀጥለው ቀብር ሌላውን ማማ ላይ ማስቀመጥ እንዴት ይሆንልኛል? ስለዚህ እንደቆምኩ ቀረሁ። ጎረቤቴ እኔን ሳያይ ትንሽ ፈቀቅ አለና ሰሌኑን በእጁ መታ መታ አደረገ።

"ተቀመጥ" አለኝ። "ሰው እያየን ነው።"