እጄ የገባበት ሞተር

ባለቤቴ እጁ ትልቅ ነበር። ይሄን የምለው ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም፤ የማወራው ሁሉ ከዚያ እጅ ስለሚጀምር ነው። ሰው ሲጨብጥ የሰውየው እጅ መዳፉ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። «እንዲህ ያለ እጅ ይዘህ ድንጋይ ፈላጭ ብትሆን አይሻልህም ነበር?» እለው ነበር። «መሪውን ማን ይይዝልሻል ታዲያ?» ይለኛል። አሰበ ተፈሪ ላይ የአንድ ሐጂን የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። ከትውልድ ቀዬዬ ከመሰላ ሙሽራ አድርጎ ያመጣኝም በዚያው መኪና ነው፤ እኔን ጋቢና አስቀምጦ፣ ሚዜዎቹ ከኋላ ቆመው እየጨፈሩ። ዛሬም ናፍጣ ሲሸተኝ ዞር ብዬ ያንን መኪና እፈልጋለሁ።

ሰሜን ጦርነት የነበረበት ዘመን ነው። አንድ ቀን ቀበሌ ጠርቶ፣ መኪናው ከነሾፌሩ ለዘማቹ ስንቅ ማመላለሻ ተመድቧል፣ ሐሙስ ጠዋት ይቅረብ አለው። ጉድ የሚባለው ደግሞ በዚያው ሰሞን ከቦርደዴ እህል ጭኖ ሲመጣ፣ ዳገቱ ላይ መኪናው ፈልቶ ቆሞ ነበር። እየገፉም እየጎተቱም ደጃችን አደረሱት።

ጥፋቱ የቴርሞስታቷ ነው። ከሻይ ብርጭቆ አፍ የማትበልጥ ነገር ናት፤ የሞተሩ ውኃ ሲሞቅ ትከፈትና ወደ ራዲያተሩ ታሳልፈዋለች። የእኛዋ እንደተዘጋች ቀርታ ውኃው እዚያው ይንተከተካል። በእኛ አገር የዚህ መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ አውጥቶ መጣል። የሚኤሶንና የቦርደዴን ሙቀት የሚያውቅ ሾፌር ሁሉ «ለቆላ ቴርሞስታት ምን ያደርጋል?» ብሎ ይጥላታል፣ መኪናውም ያለ እሷ ይኖራል። ባለቤቴ ግን አሻፈረኝ አለ።

«እኔ የምሄደው ደጋ ነው። ያለ እሷ ሞተሩ ሳይሞቅ ናፍጣ ይጨርሳል። እዚያ ናፍጣ ቢያልቅብኝ ማን ይደርስልኛል?»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሰሜን ማለት ለእኔ ሬዲዮ ላይ የሚወራ ነገር ነበር። ያኔ ገባኝ።

ሐጂ አዲሷን ከድሬዳዋ አስመጡለት። ሲሰጡት ግን ወዲያው አልለቀቋትም። «ወላሂ፣ ተወው ይቅር» አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ተበላሽቷል በላቸው። የተበላሸ መኪና ማን ይወስዳል?»

«አሻጥር ነው ይሉኛል፣ ሐጂ» አላቸው።

አሻጥር! በዚያን ጊዜ ያቺ ቃል ሰው ትበላ ነበር። ሆን ብሎ መኪና አበላሸ ከተባለ አለቀለት ማለት ነው። እኔ ግን ሐጂን ደገፍኩ። ሐጂ እንደወጡ ተነሳሁበት። «ይበሉህ! ቢያስሩህ ስንቅ አመላልስልሃለሁ። ሰሜን ግን በምን ልድረስብህ?»

«የታሰረ ሁሉ ስንቁ ይደርሰዋል?» አለኝ።

ጎረቤታችን ለባሏ የወሰደችውን ስንቅ «ከእንግዲህ አያስፈልገውም» ብለው እንደመለሱላት ሁለታችንም እናውቃለን።

ረቡዕ ቀን ላይ የወጥ ድስቴን ብድግ አደረገና ውኃ ሞላበት። አዲሷ ቴርሞስታት መሥራት አለመሥራቷን ሳይሞክር አይገጥማትም። «ኧረ በስማብ! ሽሮ የምሠራበት ድስት እኮ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። «ዛሬ ሽሮሽን የሚያስንቅ ነገር ነው የምቀቅልልሽ» አለኝ። በክር አንጠልጥሎ ውኃው ውስጥ ከተታት። ሁለታችንም ድስቱ ላይ አጎንብሰን፣ ጭንቅላታችን ተነካክቶ፣ እንፋሎቱ ፊታችንን እያረጠበው ጠበቅን። ውኃው ሲሞቅ ቀስ ብላ ተከፈተች። «አየሻት? አየሻት?» እያለ ሳቀ። እኔም ስቄ ሞትኩ። የሚናፍቀኝ እሱ ነው፣ እንጂ ትልቁን ነገርማ ረስቼዋለሁ። ድስት ላይ ያጎነበሰው ፊቱ ነው የሚናፍቀኝ።

ከዚያ ኮፈኑን ከፍቶ ገባበት። የቴርሞስታቷ ቤት ከቱቦዎቹ ሥር፣ ከሞተሩ ጀርባ ተወትፏል። አሮጌዋን በረዥም መፍቻ እየታገለ አወጣት። አዲሷን ካስቀመጠ በኋላ ግን የኋላው ቡሎን በዓይን አይታይ፣ በጣት ካልሆነ አይገባ። ያ የምወደው እጁ እስከ አንጓው ይገባና ይያዛል። ሲያወጣው ደም፣ ሲያስገባው ደም። በመጨረሻ ቀና ብሎ አየኝ።

«ነይ እስቲ፣ እጅሽን ስጪኝ።»

እስከ ክርኔ ሳሙና ቀባኝና ቡሎኑን ጣቶቼ መሀል አስያዘኝ። እጄ ሰተት ብሎ ገባ። «አታስገድጂው» ይለኛል ከኋላዬ፣ ትንፋሹ አንገቴ ላይ። «ቀዳዳውን በጣትሽ ፈልጊው። ሲይዝ ይታወቅሻል።»

ቀዳዳውን አገኘሁት። ቡሎኑ ጣቴ ጫፍ ላይ ነው። ብለቀው ሞተሩ ሆድ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ እንደሱ ያለ ቡሎን አሰበ ተፈሪ ላይ አይገኝም፤ ሐሙስም ያልፋል። ሐጂ መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሐቸውን ይዘው ከፊት ለፊቴ ቆመዋል። ፊቴን አይተው የማስበውን አወቁ። «ኢንተላ ኮ» አሉኝ በኦሮምኛ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ሌላ አልጨመሩም። ልቀቂው ይሁን እሰሪው ይሁን የሚሉኝ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

እኔ በሐሳቤ ያየሁት ግን ባለቤቴ ታስሮ ነው፤ ስንቁን ይዤ ከእስር ቤቱ በር ላይ ስመለስ። ደግሞ አየሁት፤ ቡሎኑ ላልቶ፣ መኪናው ፈልቶ፣ ሰው በሌለበት ዳገት ላይ ብቻውን ተቀምጦ። ምርጫ ተብሎ እሱን ሰጠኝ እግዜር! ምኑ ነው ምርጫው? አስገባሁት። ጥርሴን ነክሼ፣ ጣቴ እስኪደነዝዝ አዞርኩት፤ መፍቻውንም ተቀብዬ ራሴ አጠበቅሁት።

ሞተሩ ተነሳ። የሙቀቱ መርፌ መሀል ላይ ደርሶ ቆመ፤ ወዲያ አላለ ወዲህ አላለ። ባለቤቴ ግራሶ የበላውን እጄን ሐጂ ፊት ሳመው፤ እኔ በእፍረት መሬት ልግባ። «ስመለስ ረዳቴ አንቺ ነሽ» አለኝ። «እጅሽን ጠብቂልኝ።»

ሐሙስ ጠዋት ሄደ። ከጊዜ በኋላ ከሰሜን የመጣ አንድ ሾፌር፣ መንገድ ላይ ተገናኝተው እንደነበር ነገረኝ። «የሌላው መኪና ሁሉ ሲፈላ የሱ አንድም ቀን አልፈላም፤ ሚስቴ ናት የሠራችው እያለ ያወራል» አለኝ። የመጨረሻ ወሬው እሱ ነው። መንግሥቱ ወደቀ፣ ዘማቹ እየተንጠባጠበ ገባ፤ አስፋልቱ ዳር ቆሜ የመኪና ፊት ሁሉ አየሁ። መኪናውም አልመጣ፣ እሱም አልመጣ።

አሮጌዋ ቴርሞስታት መስኮቴ ላይ አለች፤ ልጥላት አልቻልኩም። ሰሞኑን ማሰሮ ላጥብ እጄን ብሰድ አንገቱ ላይ ተያዘብኝ። ድሮ እስከ ክርኔ የሚገባው እጅ! ቁርጥማቱ አንጓዬን አሳብጦታል፣ ጣቶቼ ወፍረዋል። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አንተ ሰው፣ እጅሽን ጠብቂልኝ ብለኸኝ ነበር፤ አልጠበቅኩልህም። ያ ቡሎን ከእንግዲህ በእኔ እጅ አይገባም። ቢሆንም ና።